አልወጣ ያለው ሽጉጥ

«ገደልኩት! እኔ ነኝ የገደልኩት! ወይኔ ዳኜ!»

ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሳጅን ጃለታ እስክሪብቶውን አወጣ። ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን እጁን ያዝ አደረገችው።

«መልሰው» አለችው በሹክሹክታ። «ለቅሶ ቤት ነው ያለነው። እዚህ ‹ገደልኩት› ያለውን ሁሉ ካሰርን ሬሳውን የሚሸኝ ሰው አይተርፍም።»

የጃለታ ፊት ተለዋወጠ።

«ምነው?»

«ምንም… ብቻ ትናንት አንዱን እንዲሁ ሲል ሰምቼ አስሬዋለሁ።»

ጥሩብርሃን መልስ የረሳ ወያላን እንደምታይ አድርጋ አየችው።  የእሷ አስተያየት ደግሞ ከስድብ ይብሳል፤ ጃለታ ያውቀዋል።

ድንኳኑ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ኮብልስቶን ላይ ግማሹን መንገድ ዘግቶ ተተክሏል። የነሐሴ ዝናብ ሸራውን ይደበድበዋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ሲጀምሩ ለቅሶው ይበርዳል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ወይዘሮ ብዙነሽ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ፓስተሩ «እህት ብዙነሽ፣ እኛ ተስፋ ያለን ሰዎች ነን» ይሏቸዋል። እሳቸውም «አውቃለሁ ፓስተር» ብለው እንደገና «ገደልኩት!» ይላሉ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች ጥሩብርሃን ጃለታን ወደ ዳር ስባ።

«ሟች አቶ ዳኛቸው ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው ቤት የተቀመጡ የመርካቶ ነጋዴ። ትናንት አመሻሽ ላይ ባለቤታቸው ከሴቶች ጸሎት ሲመለሱ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው አገኟቸው። ጭናቸው ላይ ሽጉጥ ነበር።»

«ተተኩሶባቸው?»

«አይ። ሽጉጡ የአባታቸው ነው፤ የድሮ የጣልያን። የመተኮሻ መርፌው ከወለቀ ዘመን አልፎታል። ጥይትም የለው። እንዲያውም አፎቱ ውስጥ ነበር።»

ጭን ላይ ሽጉጥ ያለው ሬሳ አግኝቶ የጥይት ቁስል ማጣት ፖሊስን ምን ያህል እንደሚያናድድ ሳጅን ጃለታን መጠየቅ ነው።

«ታዲያ ማንን፣ በምን ብለህ አሰርክ?»

«ሚሊዮንን፣ ቆዳ ሠሪውን። ክፍሏን ተከራይቶ ቀበቶና ቦርሳ ይሠራባታል። የሽጉጡን አፎትም የሚሠራው እሱ ነው። ክፍሏ ማስቲሽ በማስቲሽ ናት፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር። የማስቲሹ ሽታ ነው የገደላቸው። ልጃቸው ዮኤልም ገና እንደመጣ ያለው ይህንኑ ነው። ሚሊዮን ደግሞ ለአፎቱ የነሐስ ቁልፍ ልገዛ መርካቶ ሄጄ ነበር ይላል። ስንይዘው ‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው!› ብሎ ጮኸ። ጻፍኩት።»

«አለቀሰ?»

«በጣም።»

«ለቅሶውን ግን አልጻፍከውም።»

ጃለታ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳያት። ሽማግሌው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። የተኙ ነው የሚመስሉት። ጥሩብርሃን ፎቶውን በጣቶቿ ከፈት አድርጋ አጎላችው። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ቀላ ብሏል፤ ለሬሳ በማይሆን አኳኋን አምሮባቸዋል።

«ሆስፒታል ደውል» አለችው። «ደማቸውን ሲመረምሩ የከሰል ጭስ እንዳለበት ይዩልኝ።»

«የከሰል? እዚያ ክፍል እኮ ከሰል የለም፣ ኢንስፔክተር።»

«ለዚህ ነው ደውል ያልኩህ።»

ከድንኳኑ ጠርዝ፣ ውሃው ከሸራው በሚንዶለዶልበት በኩል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ። ሰው ሁሉ ያንን ወንበር እያለፈ ይሄዳል፤ ተቀመጪ የሚላት ግን ጠፋ። የሚሊዮን ሚስት ምህረት ናት። ጥሩብርሃን ቀረብ አለቻት።

«ዝናብ እየመታሽ ነው፤ ቁጭ በይ እንጂ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል።» ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው። «የሚሊዮንን የሥራ ዕቃ ከክፍሏ አውጡ ተብለናል። ትናንት ሰላም ሲለኝ የነበረ ጎረቤት ዛሬ ፊቱን ያዞርብኛል። ሚሊዮን እኮ ጋሼን እንደ አባቱ ነው የሚያያቸው። እሱ ከታሰረ እኛ የት እንገባለን?»

ጥሩብርሃን ወንበሩን ጎትታ ወደ ውስጥ፣ ዝናብ ወደማይደርስበት አስገባችው። ምህረት ግን አልተቀመጠችም።

ጓሮ ያለችው ክፍል ስትከፈት የሸተታቸው ማስቲሽ አልነበረም፤ የረጠበ ቆዳ ነው። ጥሩብርሃን የማስቲሹን ጣሳዎች አንድ በአንድ አነሳች። ክዳናቸው በመዶሻ ተመትቶ ግጥም ብሏል። አንዱን ልትከፍት ታግላ ጥፍሯን ሰበረች።

«ይሄ ነው ገዳዩ?» አለች ጣቷን እየጠባች። «እኔን እንኳ አላስከፍት አለኝ።»

መስኮቷ ትንሽ ናት። ከመስኮቷ በላይ ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፤ ከሚስማሩ ቀጭን ጠፍር ተንጠልጥሏል። ጠፍሩ ታጥፎ ታጥፎ ቅርጽ ይዟል፤ ብዙ ጊዜ ታስሮ እንደኖረ ያስታውቃል። ጥሩብርሃን መስኮቷን ከፍታ ጠፍሩን በመያዣዋ አሰረችው። መስኮቷ ክፍት እንደሆነች ቀጥ አለች። ነፋሱ ቢታገላትም ንቅንቅ አላለችም።

«አየህ? ሚሊዮን መስኮቱን ክፍት ለማኖር ያሰረበት ነው። ነፋስ መስኮት ይዘጋ ይሆናል። ቋጠሮ ግን አይፈታም።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ወንበር አጠገብ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። በአንድ ጎኑ ጉንጩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ የመንጋጋ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ይመስላል። ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ ጀሪካኑንና ወንበሩን፣ በመካከላቸው ያለውንም ባዶ ሲሚንቶ አየች።

«እዚህ ጋ የሆነ ነገር ነበር» አለች። «አሁን የለም። አፎቱስ የት ነው?»

«ጣቢያ። ሽጉጡን ለብቻው ላወጣው ብሞክር እምቢ አለኝ። አዲስ ስለሆነ ጠብቆ ነው ብዬ ከነአፎቱ ወሰድኩት።»

«እምቢ አለህ?»

«አዎ። ምነው?»

«አይ፣ ሽጉጡ ካንተ ይልቅ ብዙ እየነገረኝ ነው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ‹ገደልኩት› ያሉት ለምንድን ነው?»

«ምሳ ነሣሁታ! ቀኑን ሙሉ እዚያ ከቆዳው ጋር ተጎልቶ ሲውል ተናደድኩና ‹እንግዲያው ቆዳህን ብላ› ብዬው ወጣሁ። ለዐርባ ዘመን ባሌ የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ነው። ቆዳህን ብላ!» መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አፎቱ ለምን አስፈለጋቸው?»

«በዮኤል ምክንያት ነው። ልጄ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመራል። እሁድ የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው። ‹መሣሪያ ያለበት ቤት ሰው አልጠራም› አለ። አባትና ልጅ በዚህ ሲጨቃጨቁ ከረሙ። ኋላ ዳኜ ተሸነፈ። ‹እሺ፣ ለመንግሥት አስረክባለሁ። ግን የአባቴ ሽጉጥ ራቁቱን ከዚህ ቤት አይወጣም። አፎቱ ሲያልቅ ይወጣል› አለ።»

«ዮኤልስ?»

«‹አፎቱ መቼ ነው የሚያልቀው› እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣን።» ወይዘሮ ብዙነሽ ተነስተው በመስኮት ወደ ጓሮ አዩና በለቅሷቸው መሐል ቱግ አሉ። «ይኸው ደግሞ! ማንደጃዬን ማን ዝናብ ላይ እንደጣለብኝ ተመልከቺልኝ። ለከሰል ብዬ ከወጥ ቤት የማላስነቅለውን! ሰው ሲሞት ቤቱ ሁሉ ይዘበራረቃል።»

ጥሩብርሃን ወደ ጓሮው ተመለከተች። የከሰል ማንደጃው ከአጥሩ ሥር በዝናብ ውሃ ተሞልቶ ቆሟል፤ አመዱ በሲሚንቶው ላይ ጥቁር ጅረት ሠርቷል።

«ትናንት እርስዎ አቀጣጥለውት ነበር?»

«እኔማ ከቀትር በፊት ወጥቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ነው የምጠቀምበት። ትናንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ነበር አሉ።»

ጎረቤታቸው ጋሽ ኢብራር ጦር ኃይሎች አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ። የሟች የዳማ ባላንጣም ናቸው። ጥሩብርሃን አጠገባቸው ስትቀመጥ ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እርስዎ ደግሞ በምን ገደሏቸው ጋሽ ኢብራር?»

«በዚህ ምላሴ። ዳኛቸው ሽጉጡን በፌስታል ጠቅልሎ ሊያስረክብ ነበር። እኔ ነኝ ‹ሰው እንኳ ሲሞት ይከፈናል፤ የአባትህን ሽጉጥ ራቁቱን ልትሰጥ ነው?› ብዬ የአፎቱን ነገር ያስገባሁበት። ዝም ብል ኖሮ እዚያ ክፍል ምን ያስቀምጠው ነበር?»

«ትናንት አይተዋቸዋል?»

«ከቀትር ሰላት ስመለስ ገባሁ። አፎቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን ይጠብቀዋል። ድመት እርጥብ ቆዳ ትበላለች ብሎት ነው ሚሊዮን። ውሃው እየተንጠባጠበ ሱሪውን አርሶታል። ‹ዳኛቸው፣ በቃ አረጀህ፤ ሸናህ› ብዬ ሳቅኩበት።» ሳቃቸው መንገድ ላይ ቀረና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «‹ይቺ መስኮት አስበረደችኝ› ብሎ ሲነጫነጭ ትቼው ሄድኩ። ጋቢዬን እንኳ ላልብሰው አልኩ?»

«መስኮቱ ክፍት ነበር ማለት ነው።»

«ወላሂ ክፍት ነበር።»

ዮኤል ከቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቆሞ ዝናቡን ያያል። ቀጠን ያለ፣ መልከ መልካም ወጣት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ አብጧል፤ የእሱ ግን ደርቋል።

«ስንት ጊዜ ነገርኩት መሰለሽ» አለ ጥሩብርሃን ሳትጠይቀው። «‹አባዬ፣ ማስቲሽ ሳንባ ያቃጥላል፣ እዚያ ክፍል አትቀመጥ› ብዬዋለሁ። ያ ሰውዬ ነው ያስቀመጠው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ጠዋት ነው የወጣሁት። ልምምድ ነበረን። ተደውሎልኝ ስመጣ ፖሊስ ሁሉን ነገር ሰብስቦ ወስዷል።»

«አፎቱን አይተኸዋል?»

«ጠዋት፣ ስወጣ።»

«ያምራል አሉ።»

«ምን ያምራል? ደርቆ እንደ እንጨት ጠጥሯል። አልቆ ነበር እኮ! አባዬ እዚያ የሚቀመጥበት ምንም ምክንያት አልነበረም።»



«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችውና ሄደች።

ጣቢያ ሲደርሱ ሚሊዮን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። መዳፉ ከቀለምና ከክር ጠርቶ አያውቅም። ጥሩብርሃን ምስክርነት እንደምትቀበል ሳይሆን ቦርሳ ልታሠራ እንደመጣች ሆና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አፎቱን እንዴት ነበር የምትሠራው?»

ሚሊዮን ቀና አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«መጀመሪያ ሽጉጡን በካላንደር ወረቀት ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን ነደፍኩት። ጋሼ አልወደዱትም። ‹የአባቴ ክዳን ነበረው› አሉ። ክዳን ጨመርኩ። ‹ክዳኑ ሰፋ፣ የሴት ቦርሳ አስመሰልከው› አሉ። አጠበብኩት። ወገባቸው ላይ እየለካን፣ እየተሳሳቅን… ምህረት ‹ይሄ ሽጉጥ ከሙሽራ በለጠ› ትለን ነበር። ከዚያ ቆዳውን ቆርጬ ሰፋሁት። ትናንት ረፋዱ ላይ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሽጉጡን ዝገት እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ ከተትኩበትና በአጥንት እየዳመጥኩ የሽጉጡን ቅርጽ አስያዝኩት።»

«ረፋዱ ላይ? ጠዋት ደረቅ አልነበረም?»

«ጠዋትማ ገና ቆዳ ነበር፤ አልነከርኩትም፣ ሽጉጡም አልገባበትም። እርጥብ ቆዳ እንደ ሕፃን ነው፤ ያስያዝሽውን ቅርጽ ይይዛል። ግን በራሱ ጊዜ፣ በነፋስ ነው መድረቅ ያለበት። በዚህ ክረምት ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ለዚህ ነው መስኮቱን የማስረው።»

«ሰው ቸኩሎ እሳት ቢያቀርብለትስ?»

ሚሊዮን ፊቱን አጨማደደ። «እሳት ያየ እርጥብ ቆዳ ይኮማተራል። የያዘውን አይለቅም። ከዚያ በኋላ ቀዶ መጣል ነው።» ከዚያ እንደገና መዳፉን አየ። «ጋሼን ‹እስክመለስ ይጠብቁልኝ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ጃለታ በዚህ ጊዜ እስክሪብቶውን አልነካም።

ስልኩ ጮኸ። ሆስፒታል ነበር። ጥሩብርሃን አዳመጠች፣ አመሰገነች፣ ዘጋች።

«ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ» አለችው ጃለታን። «ሚሊዮንንም ይዘኸው ና። አፎቱንም።»

ከሰዓት በኋላ የአቶ ዳኛቸው ሳሎን ውስጥ ወይዘሮ ብዙነሽ ሶፋው ላይ፣ ጋሽ ኢብራር ከአጠገባቸው፣ ዮኤል ከመስኮቱ ጎን ቆሞ፣ ምህረት ከበሩ ሥር ተገኙ። ሚሊዮን በካቴና ሲገባ ልጁ ከእናቱ ጀርባ እጁን ዘረጋለት። ሚሊዮን ሊይዘው ሞከረ፤ ካቴናው አላደረሰውም። ሳሎኑ ውስጥ ያየ ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀረ።

ጥሩብርሃን አፎቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከክዳኑ ሥር የሽጉጡ እጀታ ብቅ ብሏል።

«ጋሽ ኢብራር፣ እስቲ ያውጡልኝ።»

ጋሽ ኢብራር ጎተቱ። ጉልበታቸው መሐል አጣብቀው ጎተቱ። ጃለታም ሞከረ፤ ጆሮው እስኪቀላ። ሽጉጡ አልወጣም።

«ሚሊዮን፣ አንተ ስትተወው እንዲህ ነበር?»

ሚሊዮን በታሰሩ እጆቹ አፎቱን አገላበጠው። በአንድ ጎኑ ቆዳው ጠቁሯል፣ ተጨማድዷል፤ ስፌቱ ተወጥሮ ሊበጠስ ደርሷል። በሌላው ጎኑ ግን ገና ለስላሳ ነው።

«ይሄ እሳት አይቷል» አለ። ድምፁ ልጁ የተመታበት አባት ድምፅ ነበር።

«አፉ ላይ ተመልከት። ፌስታሉስ?»

«ቀልጦ ተጣብቋል።»

«ማስቲሽ ፌስታል አያቀልጥም» አለች ጥሩብርሃን ወደ ሁሉም ዞራ። «ጀሪካንም አያሰረጉድም። ክፍሉ ውስጥ፣ በወንበሩና በጀሪካኑ መካከል፣ ከሰል የተሞላ ማንደጃ ነበር። አቶ ዳኛቸው አፎቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። መስኮቱ ተፈታ፣ ተዘጋ። በሩም ተዘጋ። በጠባብና ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል እሳት የሚያወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውን እንደ እንቅልፍ ነው የሚወስደው። ሆስፒታሉ ደማቸው ውስጥ አግኝቶታል። ሚሊዮን ቢሆን ማንደጃውን አያስገባም ነበር። ለአንድ ቆዳ ሠሪ እርጥብ ቆዳ ከእሳት ማስጠጋት የገዛ እጁን ከመቁረጥ አይለይም።»

«ማንደጃዬ!» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እትዬ። እርስዎ ባይነጫነጩበት ኖሮ ዝናቡ አጥቦት፣ እኛም ረስተነው እንቀር ነበር። ሰውየው ሲሞት ማንደጃው ክፍሉ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲደርሱ አልነበረም። አንድ ሰው መጥቶ ሬሳውን አይቷል፣ ማንደጃውን አውጥቷል፣ መስኮቱን ግን መክፈት ረስቷል። ከዚያም ‹ማስቲሽ› ብሎ ነግሮናል።»

ጃለታ ቀስ ብሎ ወደ ዮኤል ዞረ።

«ጋሽ ኢብራር ቀትር ላይ አፎቱን ሲያዩት ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር» ቀጠለች ጥሩብርሃን። «ጠዋት ደግሞ ገና አልተነከረም። ሲመሽ ጃለታ ይዞት ሄደ። ‹ደርቆ እንደ እንጨት ጠጥሯል› ብሎ ሊነግረኝ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ከእሳቱ በኋላ፣ ከእናቱ በፊት የነካው። ዮኤል፣ ጠዋት ነው ያየሁት ብለኸኛል።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ዮኤል።

«ሌላም ነገር አለ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹ገደልኩት› ይለኛል። እናትህ በምሳ ገደልኩት አሉ። ጋሽ ኢብራር በምላሴ። ሚሊዮን ለቅሶው እስኪያሳስረው ድረስ አለ። ሁሉም በራሱ ላይ የሚጭነው ጥፋት ፈለገ። ሌላ ሰው የወነጀልከው አንተ ብቻ ነህ። ‹ገደልኩት› የሚለው ቃል ከአፍህ አልወጣ አለ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ቆሙ። «ዮኤልዬ? አይደለም በላቸው።»

ዮኤል ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከሰዓት ተመልሼ መጥቼ ነበር» አለ። «እሁድ ሳይደርስ እንዲወጣ ነበር የፈለግኩት። አፎቱ ካልደረቀ ሽጉጡ አይወጣም፤ ሽጉጡ ካልወጣ ሰዎቹን ምን ብዬ አስገባቸዋለሁ? መብራት ቢኖር በጸጉር ማድረቂያ አደርቀው ነበር። ከሰል አቀጣጥዬ ገባሁ። ሙቀቱ እንዳይወጣ ዘጋጋሁት። አባዬ ሳቀ። ‹ሚሊዮን ሲያይ ያብዳል፤ ግን ሞቀኝ፣ ተባረክ› አለኝ።» ቀና ብሎ እናቱን አየ። «‹ተባረክ› አለኝ።»



«ከዚያስ?» አለች ጥሩብርሃን። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሏል።

«ክፍሌ ገባሁ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መዝሙር እለማመድ ነበር። አንድ ጊዜ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። ስለ ሽጉጡ እንደገና ሊጨቀጭቀኝ መሰለኝ። ድምፁን ጨመርኩት።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጫኑ።

«ስመለስ… ነካሁት፣ አልነቃም። አፎቱን ነካሁት፣ ደርቋል። ማንደጃውን አወጣሁና በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ማስቲሽ› የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። አንዴ ከወጣ መመለስ አቃተኝ።»

«ከሰሉን ስታስገባ አባትህን ልትገድል አልነበረም» አለች ጥሩብርሃን። «ይህን ፍርድ ቤትም ያይልሃል። ማንደጃውን ካወጣህ በኋላ ያደረግከውን ግን እያወቅክ ነው ያደረግከው። ይሄ ሰው ሲታሰር ቆመህ አየህ። ልጁን ያዘለችው ሚስቱ ዝናብ ላይ ቆማ ስትውል አየህ። መዝሙር ስትመራ ዓይንህን የምትጨፍን ከሆነ፣ ከአሁን በኋላ እነሱ ናቸው የሚታዩህ።»

ጃለታ ቁልፉን አውጥቶ የሚሊዮንን ካቴና ፈታ። ሚሊዮን ልጁን ተቀበለ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ልጃቸው አልሄዱም። ወደ በሩ ሄዱ። ምህረትን በክንዷ ይዘው ሶፋው ላይ፣ ራሳቸው ተነስተው በተዉት ቦታ አስቀመጧት። ምህረትም እምቢ አላለችም።

ያኔ ነው ዮኤል የጮኸው።

«ገደልኩህ! አባዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ!»

ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ግቢ ይህን ቃል ያለ ሰው ሁሉ «ኧረ ተው፣ እንዲህ አይባልም» የሚለው፣ ትከሻውን የሚይዘው ነበረው። አሁን ሳሎኑ ዝም አለ። ፓስተሩ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ እሳቸውም ዝም አሉ።

ጃለታ ዮኤልን ክንዱን ይዞ አስነሳው። ጥሩብርሃን አፎቱን ከጠረጴዛው አንስታ ዝናብ እንዳይነካው ኮቷ ሥር አስገባችው።

ሽጉጡም ከእሁድ በፊት ከዚያ ቤት ወጣ። ራቁቱን ግን አልነበረም።